አስተማሪው የማይደርስበት ቅጽበት፦ በሄሊኮፕተር ሥልጠና ላይ የሚደርሱ አደጋዎች

ሄሊኮፕተር ማብረርን መማር ቋሚ ክንፍ ያለውን አውሮፕላን ማብረርን ከመማር በብዙ ነገር ይለያል፤ ከሁሉ የሚከብደው ልዩነት ግን ስሕተት የሚታረምበት ጊዜ ማጠር ነው። በሚገባ የተሠራ ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ሠልጣኙ መሪውን ቢለቀው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አስተካክሎ መብረሩን ይቀጥላል፤ ሞተሩ ቢጠፋም ክንፎቹ ባሉበት ስላሉ እየተንሸራተተ ለመውረድ የሚያስችል ፋታ ይሰጣል። ትንሽ ሄሊኮፕተር ግን በተፈጥሮው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆይ ባለመሆኑ፣ አብራሪው በየቅጽበቱ በእጁና በእግሩ እያስተካከለ ካልያዘው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ በአየር ላይ ተሸክመው የሚያቆዩት ክንፎችም ሥራቸውን የሚሠሩት መዞራቸውን እስከቀጠሉ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥልጠና በረራ ላይ የደረሰ የሄሊኮፕተር አደጋ ሲመረመር፣ ጥያቄው ሠልጣኙ ምን አጠፋ ከሚለው አልፎ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልምድ ያለው አስተማሪ ለምን ሊያድነው አልቻለም ወደሚለው መድረሱ አይቀርም።

ይህን ጥያቄ ሮቢንሰን አር-22 በሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ሄሊኮፕተር ታሪክ በኩል መመልከት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አብራሪዎች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የቀሰሙት በእርሱ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በሥልጠና ላይ ባጋጠሙት አደጋዎች የተነሣ አንድ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች ብቻ ልዩ የማሠልጠኛ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። ፍራንክ ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በቤልና በሂዩዝ ኩባንያዎች ውስጥ ሲሠራ አነስተኛና ርካሽ ሄሊኮፕተር የመሥራት ሐሳቡን የሚቀበለው በማጣቱ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቆ የራሱን ኩባንያ በካሊፎርኒያ አቋቋመ። የመጀመሪያው አር-22 በ1975 በረረ፤ በ1979 ደግሞ ከአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የብቃት ማረጋገጫ አግኝቶ ለገበያ ቀረበ። ዓላማው አንድ ግለሰብ ገዝቶ ራሱ የሚያበረው መጓጓዣ መሥራት ነበር እንጂ የመማሪያ መሣሪያ ማቅረብ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዋጋውም በነዳጅ ፍጆታውም በጥገና ወጪውም ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ የበረራ ትምህርት ቤቶች ተሻሙበት፤ ለሠለጠነ እጅ የታሰበው ቀላልና ፈጣን ሄሊኮፕተርም መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው የሚጀምርበት ሆነ።

አደጋዎቹን ለመረዳት አስቀድሞ መቆጣጠሪያዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። የሄሊኮፕተር አብራሪ በግራ እጁ ኮሌክቲቭ የሚባለውን ከመቀመጫው ጎን ያለ ዘንግ ይይዛል፤ ይህ ዘንግ ከፍ ሲል ሮተር የሚባለው የአናቱ ተሽከርካሪ ክፍል ክንፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አየሩን የሚቀዝፉበት ማዕዘን ይጨምርና ሄሊኮፕተሩ ይነሣል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ይወርዳል። በዚሁ ዘንግ ጫፍ ላይ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ የሚጨምርና የሚቀንስ የሚጠመዘዝ እጀታ አለ። በቀኝ እጅ የሚያዘው ሳይክሊክ ሮተሩ የሚዞርበትን ገበታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን በማዘንበል ሄሊኮፕተሩን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይወስዳል። ሁለቱ እግሮች የሚረግጧቸው ፔዳሎች ደግሞ የጅራቱን ትንሽ ሮተር ጉልበት ይለዋውጣሉ፤ ዋናው ሮተር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር አካሉ በተቃራኒው እንዳይሽከረከር የሚከላከለው የጅራቱ ሮተር ነውና። ከእነዚህ አንዱ ሲነካ ሌሎቹም አብረው መስተካከል አለባቸው፤ ጀማሪው ግራ የሚጋባውም በዚህ ነው።

አር-22 ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከ625 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን፣ ሁለት ክንፎች ብቻ ያሉት ሮተር የሚያነሣው ቀላል መሣሪያ ነው። ሮተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.7 ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ በመደበኛ በረራ በደቂቃ 530 ጊዜ ይዞራል። ክንፎቹ ቀላል በመሆናቸው በመዞር ያከማቹት ጉልበት አነስተኛ ነው፤ የወፍጮ ቤት ከባድ ድንጋይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ሲቀጥል ቀላል ጎማ ግን ወዲያው እንደሚቆመው ሁሉ፣ የአር-22 ሮተርም ከሞተሩ የሚያገኘው ኃይል በተቋረጠ ቅጽበት ፍጥነቱን መጣል ይጀምራል። መሐንዲሶች ይህን ባሕርይ ዝቅተኛ ኢነርሺያ ይሉታል። ለአምራቹ ክብደትንና ዋጋን የቀነሰ ጥሩ መፍትሔ ሲሆን፣ ለአብራሪው ግን የማሰቢያ ጊዜን የሚሻማ ጠባይ ነው።

ሞተር የጠፋበት ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው የብዙዎች እምነት ትክክል አይደለም። አብራሪው ኮሌክቲቩን ፈጥኖ ዝቅ ካደረገ፣ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ክንፎቹን ማዞሩን ይቀጥላል፤ መሬት ሲቃረብም አብራሪው በሮተሩ ውስጥ የቀረውን ጉልበት ተጠቅሞ በዝግታ ማረፍ ይችላል። ኦቶሮቴሽን የሚባለው ይህ ዘዴ ለማንኛውም የሄሊኮፕተር አብራሪ የሕይወት ዋስትና በመሆኑ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። በአር-22 ግን ኮሌክቲቩን ዝቅ ለማድረግ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ባለው ውስጥ የተወሰነ ነው። በዚያች ቅጽበት ያልተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ይሞክራል፣ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሰው በተፈጥሮው ያለው ደመ ነፍስ ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል፤ መውረድ የጀመረ ሄሊኮፕተር ውስጥ ያለ ጀማሪ ኮሌክቲቩን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ከፍ አድርጎ ይስበዋል፤ ክንፎቹም ማዕዘናቸው በጨመረ መጠን አየሩ የበለጠ ይከለክላቸውና ፍጥነታቸው ይበልጥ ይወድቃል።

የሮተሩ ፍጥነት ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ክንፎቹ ማንሣት ያቆማሉ። በቂ ፍጥነት የሌለው ክንፍ ማዕዘኑ ምን ቢጨምር አየሩ በላዩ ላይ ተጣብቆ መፍሰሱን ትቶ ይበታተናል፤ ይህ ስቶል የሚባለው ሁኔታ በቋሚ ክንፍ አውሮፕላን ላይ ሲደርስ አፍንጫን ዝቅ በማድረግ ይታረማል፣ በሄሊኮፕተር ሮተር ላይ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ መመለሻ የለውም። የአር-22 ሮተር ፍጥነት በመቶኛ በሚያሳይ ጠቋሚ የሚለካ ሲሆን፣ መደበኛው 104 በመቶ ነው፤ ወደ 97 በመቶ ሲወርድ የማስጠንቀቂያ ጥሩንባ ይጮኻል። አምራቹ ለአብራሪዎች በሰጠው ግምታዊ ስሌት መሠረት ሮተሩ ስቶል ውስጥ የሚገባው በባሕር ጠለል ላይ በ80 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በየአንድ ሺሕ ጫማ ከፍታ አንድ በመቶ ይጨመርበታል። ይህን ስሌት በደጋ ከፍታ ላይ መሞከር ትርጉሙን ያጎላዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከ7,500 ጫማ በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ደረጃ ያለ አየር ውስጥ የስቶሉ ልክ ወደ 88 በመቶ ይጠጋል። ጥሩንባው ከሚጮኽበት ነጥብ እስከዚያ ያለው ልዩነት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ግማሽ ያህል ያንሳል ማለት ነው፤ በዚህ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። በከፍታ ቦታ ላይ ትንሽ ሄሊኮፕተር ማብረር ለምን ከባድ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቁጥር አይገኝም።

ሁለተኛው አደጋ ከሮተሩ አሠራር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በጸሐፊው እምነት ተራው አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ በደኅና እየሠራ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምንም የተበላሸ ነገር ሳይኖር ሊደርስ ይችላል። ባለ ሁለት ክንፍ ሮተር እምብርቱ እርሱን በሚያዞረው ምሰሶ ጫፍ ላይ በማጠፊያ የተቀመጠ በመሆኑ አንዱ ክንፍ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። የሄሊኮፕተሩ አካል ከዚህ እምብርት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሮተሩ ሲያዘነብል አካሉ የሚከተለው ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትተው ነው። ሠልጣኙ ከፍ ካለ በኋላ ሳይክሊኩን ወደ ፊት በድንገት ቢገፋው፣ መኪና በፍጥነት ጉብታ ሲያልፍ ተሳፋሪው ከመቀመጫው ለቅጽበት እንደሚነሣው ሁሉ ሄሊኮፕተሩና በውስጡ ያሉት ሰዎች ክብደታቸው የቀለለ ያህል ይሆናል። በዚህን ጊዜ ሮተሩ የተሸከመው ጭነት ስለሌለ አካሉን የማዘንበል ኃይሉን ያጣል። የጅራቱ ሮተር ግን መግፋቱን አላቆመም፤ የሚገፋውም ከአካሉ የክብደት ማዕከል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በአሜሪካ በተሠሩት አብዛኞቹ ሄሊኮፕተሮች እንደሚሆነው አካሉን ወደ ቀኝ መገልበጥ ይጀምራል።

አብራሪው ይህን ወደ ቀኝ መገልበጥ ሲያይ ማንም ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ሳይክሊኩን ወደ ግራ ይወስዳል። ሮተሩ ታዞ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አካሉ ግን አይከተልም፣ ወደ ቀኝ መገልበጡን ይቀጥላል። በሮተሩና በአካሉ መካከል ያለው ማዕዘን ከተፈቀደው በላይ ሲሆን የሮተሩ እምብርት የሚዞርበትን ምሰሶ ይመታዋል። የምሰሶ ግጭት የሚባለው ይህ ነው። ምሰሶው ሊቆረጥ፣ ወይም ከመንገዱ የወጣው ክንፍ የአብራሪዎቹን ክፍል ወይም የጅራቱን ግንድ ሊመታ ይችላል። በደቂቃ 530 ጊዜ የሚዞር ሮተር አራት ዙር ለመዞር ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ግጭቱ አንዴ ከተጀመረ ለማንም እጅ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ትክክለኛው እርምጃ ሳይክሊኩን መጀመሪያ በቀስታ ወደ ኋላ ስቦ ሮተሩ ጭነቱን እንደገና እንዲሸከም ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መገልበጡን ማረም ነው፤ ይህም በመማር እንጂ በደመ ነፍስ የሚገኝ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባለ ሁለት ክንፍ ሮተር የነበራቸውን የቤል ሄሊኮፕተሮች በብዛት በሚጠቀምበት በ1970ዎቹ ይህን አደጋ በሚገባ ያውቀው ነበር፤ የሠራዊቱ እውቀት ግን ወደ ሲቪል ትምህርት ቤቶች በበቂ ሁኔታ አልተሻገረም።

ሰኔ 29 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሪችመንድ አጠገብ የደረሰው አደጋ ግን የነገሩን አካሄድ ለወጠው። አንድ አስተማሪና አንድ ሠልጣኝ የያዘ አር-22 በትምህርት በረራ ላይ እንዳለ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ የዋናው ሮተር ክንፍ ከመደበኛ መንገዱ ወጥቶ የሄሊኮፕተሩን አካል መታው፤ ሁለቱም ሞቱ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ መርማሪዎች የሚያገኙት የተበታተነ ስብርባሪ ብቻ ነበር፤ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች የበረራ መረጃ መቅጃ አይገጠምላቸውም፣ የሚናገር ምስክርም አይተርፍም ነበር። በዚህ በረራ ላይ ግን ትምህርቱን በኋላ ለማዳመጥ ይመስላል፣ አንዲት ትንሽ የካሴት መቅጃ እየሠራች ነበር። ካሴቱ የተገኘው ሳይበላሽ ስለነበር መርማሪዎቹ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ሰምተዋል፤ የሰሙትም አስተማሪው በተለመደው አኳኋን ሲያስረዳ፣ ሞተሩና ሮተሩ በመደበኛ ፍጥነት ሲዞሩ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይጮኽ፣ ማንም ሳይደናገጥ ድንገት ንግግሩ መቋረጡን ነው።

የዚህን ማስረጃ ክብደት በሚገባ ማጤን ያሻል። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ አደጋዎች ብዙውን ጊዜ የሚደመደሙት አብራሪው የሮተሩ ፍጥነት እንዲወርድ ፈቅዷል በሚል ነበር፤ ይህም ጥፋቱን ራሱን ሊከላከል በማይችል ሟች ላይ የሚጥል ቀላል መልስ ነው። የሪችመንዱ ካሴት ግን ልምድ ያለው አስተማሪ ባለበት፣ ከፍታውን ጠብቆ በቀጥታ በሚደረግ በረራ ላይ፣ ያለ አንዳች ቅድመ ምልክት ሮተሩ ከመንገዱ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራውን ከአንዱ አደጋ አስፍቶ የአር-22ን የሮተር ቁጥጥር የማጣት አደጋዎች በሙሉ በልዩ ጥናት መረመረ፤ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የሮተሩ ባሕርይ በኮምፒውተር ተመስሎ ተጠና። በ1996 የወጣው ሪፖርት ቀላል ክብደትና ዝቅተኛ የሮተር ኢነርሺያ ባላቸው ሄሊኮፕተሮች ላይ መሪን በድንገትና በኃይል ማንቀሳቀስ ሮተሩን ከአካሉ ጋር ሊያጋጨው እንደሚችል አመለከተ። ቦርዱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩንም አልማረውም፤ በአስተዳደሩ የውስጥ ግምገማዎች የቀረቡ ምክሮች ተከታትሎ የሚዘጋቸው በማጣት እንዳይቀሩ አሠራሩን እንዲያሻሽል ጠይቋል። የሪችመንዱን አደጋ የመጀመሪያ መንሥኤ ግን ቦርዱ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም፤ ሮተሩ ከመንገዱ መውጣቱ ታወቀ እንጂ ለምን እንደወጣ አልታወቀም።

የቦርዱ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት፣ በ1995 መጀመሪያ፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ልዩ ደንብ ቁጥር 73 የሚባለውን ሕግ አወጣ። ደንቡ የሚመለከተው አር-22ንና ባለ አራት መቀመጫውን አር-44ን ብቻ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ማንም ሰው፣ ሠልጣኝም ሆነ በሌሎች ሄሊኮፕተሮች ብዙ ሰዓት የበረረ አንጋፋ፣ ስለ ሮተር ፍጥነት መውረድ፣ ስለ ክብደት መቅለል አደጋ፣ ስለ ምሰሶ ግጭትና ስለ ጉልበት አጠቃቀም የሚያስረዳውን የግንዛቤ ትምህርት ሳይወስድ መሪውን መንካት አይችልም። ጀማሪ በአር-22 ብቻውን እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 20 ሰዓት መብረር አለበት፤ በአጠቃላዩ የአሜሪካ ሕግ ግን ብቻውን ለመብረር የሚጠየቅ የተወሰነ የሰዓት ብዛት የለም። አስተማሪው ራሱም በሄሊኮፕተር 200 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ በአር-22 ላይ 50 ሰዓት ሊኖረው ይገባል። በዚያው ወቅት በወጡ መመሪያዎች ልምድ የሌላቸው አብራሪዎች የምድር ነፋስ በሰዓት ከ46 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እንዳይበሩ ተከለከሉ፤ ሆን ብሎ ክብደትን ማቅለል ለማሳያነትም ቢሆን ክልክል ሆነ፤ የሮተሩን ፍጥነት በራሱ የሚጠብቅ ገቨርነር የተባለ መሣሪያም ግዴታ ሆነ። የሮተር ቁጥጥር የማጣት አደጋዎች በአሜሪካ ከዚያ በኋላ በግልጽ ቀነሱ። ሮተሩ ያው፣ ምሰሶው ያው ሆኖ ሳለ አደጋው መቀነሱ በዚህ መስክ የትምህርትን ጉልበት ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ከሕጉ ጀርባ ያለው ሐሳብ አስተማሪው ማዳን የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ነው። በአር-22 ውስጥ ለየመቀመጫው የተለየ ሳይክሊክ የለም፤ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ከወለሉ አንድ ዘንግ ይነሣና በላዩ ላይ እንደ ሚዛን ከፍና ዝቅ የሚል አግዳሚ ይጋደማል፣ በአግዳሚው ሁለት ጫፎች ላይ እጀታዎች ተንጠልጥለዋል። ሠልጣኙ የራሱን እጀታ ሲይዝ የአስተማሪው ጫፍ ወደ ላይ ስለሚነሣ አስተማሪው እጁን ከፍ አድርጎ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ወይም እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ አግዳሚው የት እንዳለ በዓይኑ ይከታተላል። ሁለቱም የሚያዝዙት ያንኑ አንድ ዘንግ ነው፤ ሠልጣኙ በድንጋጤ ግትር ብሎ ቢይዘው አስተማሪው የሚታገለው ከሮተሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰው ክንድ ጋርም ነው።

አምራቹ ኩባንያ ለአብራሪዎች ከሚያወጣቸው የደኅንነት ማሳሰቢያዎች አንዱ በቀጥታ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነው። የማሳያና የመጀመሪያ ትምህርት በረራዎች ከድርሻቸው በላይ የሆነ አደጋ እንደሚያስከትሉ ከገለጸ በኋላ፣ ምክንያቱን ሲያስረዳ አስተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጁት ሠልጣኙ ተደናግጦ ምንም ሳያደርግ ቢቀር ለሚፈጠረው ሁኔታ እንጂ፣ ተደናግጦ የተሳሳተውን ነገር በኃይል ቢያደርግ ለሚመጣው እንዳልሆነ ያመለክታል። ይህ አስተያየት በብዙ የአደጋ ሪፖርቶች ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘውን እውነት አንድ ላይ ያሰባሰበ ነው። ዝም ያለ ሠልጣኝ መሪውን በቀላሉ ይለቃል፤ አስተማሪውም ተቀብሎ ያስተካክላል። በተቃራኒው አቅጣጫ በድንገት የገፋ ሠልጣኝ ግን አስተማሪው የሆነውን ገና ሳያውቅ ሮተሩን ወደማይመለስበት ቦታ ወስዶታል። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ትምህርት ቤት መሪውን ለሠልጣኙ የሚሰጠው ሄሊኮፕተሩ ተነሥቶ በረራው ከተረጋጋ በኋላ፣ አንዱን መቆጣጠሪያ ብቻ፣ በጣት ጫፍ እንደሚያዝ አስቀድሞ በምድር ላይ ካስረዳና፣ አስተማሪው በሠልጣኙ እጅ አጠገብ እጁን ካደረገ በኋላ ነው። ለአጭር የሙከራ በረራ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው እንዲደሰት ተብሎ ወዲያው እንዲያበር መፍቀድ በደግነት የሚደረግ ቢመስልም እጅግ አደገኛ ልማድ ነው።

የሥልጠናው ሌላ አሳዛኝ ገጽታ ደግሞ ለአደጋ የሚደረገው ልምምድ ራሱ አደጋ መሆኑ ነው። ዛሬ የሄሊኮፕተር ሞተር በበረራ ላይ የሚጠፋው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ለዚያ ብርቅ አጋጣሚ ሲባል በሚደረገው የኦቶሮቴሽን ልምምድ ግን ብዙ ሄሊኮፕተሮች ተሰብረዋል። ሠልጣኙ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ፍጥነቱን የሚገታበት ከፍታ በጥቂት ሜትሮች ቢሳሳት፣ ወይም ወርዶ ሊቆም ሲል ሞተሩ ኃይሉን ለመመለስ ቢዘገይ፣ ማረፉ ወደ መከስከስ ይለወጣል። ከሁሉ የከፋው አስተማሪው ሠልጣኙን ለመፈተን ሳይናገር ነዳጁን በድንገት መቁረጡ ነው። ሐሳቡ ሠልጣኙ እውነተኛውን ድንጋጤ እንዲለማመድ ነው፤ ሆኖም ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ በምትሆነው ጊዜ ውስጥ ሠልጣኙ ካልመለሰ፣ አስተማሪው ስሕተቱን አይቶ ጣልቃ ለመግባት የሚቀረው ጊዜ ዜሮ ነው። አምራቹ ይህ ልማድ ገዳይ ሊሆን እንደሚችል በተለየ ማሳሰቢያ አስጠንቅቋል፤ ልምምዱ አስቀድሞ ተነግሮ፣ በቂ ከፍታ ላይ፣ ማረፊያው ተመርጦ እንዲደረግ፣ ሁኔታው ትንሽ እንኳ ካላማረም ወዲያው ኃይል ጨምሮ መውጣት እንደሚገባ ይመከራል።

በምድር አጠገብ የሚደርሱት አደጋዎች ብዙ ቢሆኑም ብዙውን ጊዜ ከሞት ይልቅ በስብራት ያበቃሉ። ጀማሪው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ ቦታ ተንሳፍፎ መቆምን ሲለማመድ ወደ ጎን ይሸራተትና አንዱ የማረፊያ እግር በድንጋይ ወይም በሣር ሥር ይያዛል፤ ሄሊኮፕተሩ በዚያ እግር ዙሪያ መዞር ይጀምራል፤ ማዘንበሉ ከተወሰነ ማዕዘን ካለፈ ሳይክሊክን ወደ ሌላው ጎን ማዞር አያድነውም፤ ኮሌክቲቩን ከፍ ማድረግ ደግሞ ይበልጥ ይገለብጠዋል። እዚህም የሚያድነው እርምጃ ኮሌክቲቩን ዝቅ ማድረግ ነው።

ልዩ ደንቡ አሜሪካዊ ነው፤ ሄሊኮፕተሮቹ ግን በዓለም ሁሉ ይበራሉ። ተራራዋና ነፋሷ በበዛው በኒው ዚላንድ እነዚሁ የምሰሶ ግጭት አደጋዎች መከሠታቸውን ቀጥለዋል። የካቲት 19 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በኩዊንስታውን አጠገብ በሎኪ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በትምህርት በረራ ላይ የነበረ አር-44 በአየር ላይ ተሰባብሮ አስተማሪውና ሠልጣኙ ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት አደጋ ምርመራ ኮሚሽን የሮተሩ እምብርት ምሰሶውን መምታቱን ከስብርባሪው አረጋገጠ፤ ወደዚያ ያደረሰውን ግን፣ ነፋስ ይሁን ወይም የመሪ እንቅስቃሴ፣ በእርግጠኝነት ሊለይ አልቻለም። በሪችመንድ ቢያንስ ካሴት ነበር፤ በሎኪ ወንዝ ግን የተቀዳ ነገር አልነበረም። ኮሚሽኑ በ2016 የሮቢንሰን ሄሊኮፕተሮችን የምሰሶ ግጭት ጉዳይ በልዩ ክትትል ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ሲሆን፣ በእነዚህ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች ውስጥ የአብራሪዎቹን ክፍል የሚቀዳ መሣሪያ እንዲገጠምም ጠይቋል። መንሥኤው ሳይታወቅ የሚቀር አደጋ የሟች ቤተሰብን ያለ መልስ ማስቀረቱ ብቻ ሳይሆን፣ ቀጣዩን ሠልጣኝ ምን ብሎ ማስተማር እንደሚገባ ማወቅንም ይከለክላል።

ኩባንያው በቅርብ ዓመታት በሁለት አቅጣጫ እርምጃ ወስዷል። አንደኛው በአር-44ና በአር-66 ሞዴሎቹ ላይ በስተቀኝ ብቻ ይገኝ የነበረውን የጅራት አግዳሚ ክንፍ በሁለቱም ጎን እኩል ወደሚሆን ቅርጽ መለወጡ ነው፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ክብደት ቢቀልል አካሉ ወደ ቀኝ የመገልበጥ ዝንባሌው እንዲቀንስ ተብሎ የተደረገ ለውጥ ነው። ሁለተኛው በአብራሪው ክፍል ውስጥ ምስልና ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ በአዳዲስ ሄሊኮፕተሮቹ ላይ መግጠሙ ነው። ካሜራው ለአደጋ መርማሪዎች ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር አስተማሪና ሠልጣኝ ከበረራ በኋላ ተቀምጠው የሠልጣኙ እጅ በየትኛው ቅጽበት እንደገተረ፣ የአስተማሪውም እጅ በዚያን ጊዜ ከመሪው ምን ያህል ርቆ እንደነበር እንዲያዩ ያስችላቸዋል።